በእጅ የሚያዝ ራማን ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ስቶራችሁን ዘርዝሩ

በእጅ የሚያዝ ራማን ዕቃ ላይ ሌዘር ተኩሶ ማንነቱን የሚፈትሽ ማሽን ነው። ፕሮፎርማ ከመሰብሰባችሁ በፊት ይሄን አንብቡ። "የትኛው ብራንድ ይሻላል" የሚለው ጥያቄ ሁሌ ይመጣል፣ ግን እሱ መጨረሻ ላይ የሚመለስ ነው። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ስቶራችሁ ውስጥ ምን ምን እንደሚገባ፣ በምን ታሽጎ እንደሚመጣ፣ ቢሳሳት ደግሞ ከምን ጋር ሊምታታ እንደሚችል ነው። እሱን ሳትይዙ ዴሞ (ሻጩ ማሽኑን አምጥቶ የሚያሳይበት) ከጠራችሁ ያያችሁት ማሽን ሁሉ ጥሩ ይመስላችኋል፣ ምክንያቱም ሻጩ ይዞ የሚመጣው ፓራሲታሞል ነው፣ ፓራሲታሞል ደግሞ ራማን ላይ ሲበዛ የሚያምር ነገር ነው፣ በሰከንዶች አረንጓዴ ያበራል፣ ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል፣ ከዛ ማሽኑ ተገዝቶ ስቶር ሲገባ ሴሉሎሱ ላይ ይደናበራል።

የምጽፈው በዋናነት መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ ጥሬ ዕቃ ለምትረከቡ የኪውሲ (የጥራት ቁጥጥር) እና የስቶር ሰዎች ነው፣ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሁኑ ሌላ ቦታ። ጉምሩክ ወይም ፖሊስ ጋ ለሚሠራ ሰው አብዛኛው ይጠቅመዋል ግን የእነሱ ሥራ ትንሽ ይለያል፣ እነሱ "ይሄ ምንድነው" ነው የሚሉት፣ እኛ ደግሞ "ሌብሉ ላይ የተጻፈው እውነት ነው ወይ" ነው የምንለው። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል ግን የሚገዛውን ሶፍትዌር ሳይቀር ይቀይረዋል።

አሠራሩን በአጭሩ ልበል፣ ያለሱ የሚቀጥለው አይገባም። ሌዘር ዕቃው ላይ ይተኮሳል፣ አብዛኛው ብርሃን ሳይለወጥ ይመለሳል፣ ከሚሊዮኖች አንዷ ፎቶን ግን ከሞለኪውሉ ንዝረት ጋር ጉልበት ተለዋውጣ ቀለሟ ተቀይሮ ትመጣለች። ይሄን ህንዳዊው ሲ ቪ ራማን በ1928 እ.ኤ.አ. አሳየ፣ በ1930 ኖቤል ተሸለመበት። ማሽኑ ያቺን ትንሽዬ ብርሃን ሰብስቦ ስፔክትረም (ብርሃኑን ዘርዝሮ የሚያሳይ ግራፍ) ያወጣና ላይብረሪው (የታወቁ ዕቃዎች ስፔክትረም ስብስብ) ውስጥ ካለው ጋር ያስተያያል። ያስተያያል ነው ያልኩት፣ ያውቃል አላልኩም። ላይብረሪው ውስጥ የሌለ ነገር ስሙን አይነግራችሁም።

ደረጃ 1፦ ዝርዝሩን አውጡ፣ ከዛ ሰርዙ

ኤክሴል ክፈቱና የምትረከቡትን ጥሬ ዕቃ ሁሉ ጻፉ። ስም፣ ዱቄት ነው ፈሳሽ፣ ቀለሙ ምንድነው፣ ማሸጊያው ምንድነው፣ በዓመት ስንት በርሜል ወይም ከረጢት ይገባል፣ እና በጣም አስፈላጊው፣ ከምን ጋር ቢቀያየር ጉድ ይፈላል።

ከዛ ራማን የማያየውን ሰርዙ። የገበታ ጨው፣ ማለት ሶዲየም ክሎራይድ፣ ምንም የሚረባ ፒክ (ስፔክትረሙ ላይ ከፍ ብሎ የሚታይ ጫፍ) አይሰጥም፣ ፖታሲየም ክሎራይድም እንደዛው። ኦአርኤስ የምታመርቱ ከሆነ እዚህ ጋ ቆም በሉ፣ ግሉኮሱና ሲትሬቱ ቆንጆ ሆኖ ይታያል፣ ሁለቱ ክሎራይዶች ግን ለማሽኑ የሉም ማለት ነው፣ ለነሱ የድሮው የኬሚካል ቴስት ይቀጥላል። ሁሉም ኢንኦርጋኒክ ግን አይሰረዝም። ካርቦኔት፣ ሰልፌት፣ ናይትሬት፣ ፎስፌት ጥሩ ይታያሉ፣ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ደግሞ ይጮሃል፣ እንደውም አናቴዝና ሩታይል የሚባሉትን ሁለት ዓይነቶቹን ይለይላችኋል። ብረታ ብረት በፍጹም። ወርቅ ለመፈተሽ ራማን ይሆናል ወይ ብለው የሚጠይቁ ሰዎች አሉ፣ አይሆንም፣ እሱ በኤክስሬይ የሚለካው የኤክስአርኤፍ ማሽን ሥራ ነው።

ሌላው የሚረሳው የግሬድ ጉዳይ ነው። ማይክሮክሪስታላይን ሴሉሎስ 101 እና 102 የሚለያዩት በፓርቲክል ሳይዝ ነው፣ ሞለኪውላቸው አንድ ነው፣ ራማን ሁለቱንም "ሴሉሎስ" ብሎ ያሳልፋል። ኤችፒኤምሲም በቪስኮሲቲ የሚለያዩት ግሬዶቹ፣ ፖቪዶንም ኬ ቁጥሮቹ፣ ያው ናቸው። ሻጭ "ግሬድ ይለያል" ካላችሁ የእናንተን ሁለት ከረጢት አምጡና ዓይናችሁ እያየ ያሳያችሁ። በተቃራኒው ላክቶስ ሞኖሃይድሬትንና አንሃይድረስን በደንብ ይለያል፣ ክሪስታሉ ስለሚለያይ። ብዙ የመድኃኒት ፖሊሞርፎችንም (የአንድ ሞለኪውል የተለያዩ የክሪስታል መልኮች) እንደዛው።

ዝርዝሩ ከተጣራ በኋላ ግማሹ ከተሰረዘ፣ ምናልባት የሚያስፈልጋችሁ ራማን ላይሆን ይችላል፣ በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠራ በእጅ የሚያዝ ኤፍቲአይአር ወይም ኤንአይአርም አለ። ይሄን ማወቅ ብሩ ከመውጣቱ በፊት ነው የሚጠቅመው።

ደረጃ 2፦ ሌዘሩን ምረጡ

ገበያ ላይ ያለው የሌዘር ዌቭሌንግዝ (የብርሃኑ ሞገድ ርዝመት) በአብዛኛው 785 ናኖሜትር ወይም 1064 ናኖሜትር ነው። ሰው ሁሉ የሚከራከረው እዚህ ላይ ነው፣ ትክክልም ነው፣ ምክንያቱም ማሽኑ ከተገዛ በኋላ የማይቀየረው ነገር ይሄ ነው።

ጠላታችሁ ፍሎረሰንስ ይባላል። አንዳንድ ዕቃ ሌዘር ሲመታው ራሱ ያበራል፣ ያ ብርሃን ደግሞ ከራማኑ እጅግ ይበልጣል፣ ፒኩን መፈለግ በቀትር ፀሐይ የጧፍ መብራት እንደመፈለግ ይሆናል። የሚያስቸግሩት የታወቁ ናቸው፦ ሴሉሎስና ዘመዶቹ፣ አንዳንድ ስታርች፣ ጄላቲን፣ የተፈጥሮ ሙጫዎች፣ የዕፅዋት ኤክስትራክት፣ ከለር ያላቸው ነገሮች በሙሉ ማለት ይቻላል፣ እና ነጭ ሆኖ ቆሻሻ ያለበት ዕቃ። የመጨረሻው ያናድዳል፣ አንዱ አቅራቢ ያመጣው ያልፋል የሌላው ተመሳሳይ ዕቃ በፍሎረሰንስ ይሰምጣል፣ ሁለቱም ግን ስፔሲፊኬሽን ውስጥ ናቸው።

1064 ፍሎረሰንስን በጣም ይቀንሳል። ታዲያ ለምን ሁሉም 1064 አይገዛም? የራማን ብርሃን ጥንካሬ ከሌዘሩ ዌቭሌንግዝ አራተኛ ፓወር ጋር በተቃራኒ ነው የሚሄደው፣ ብታሰሉት 1064 ላይ የሚመለሰው ከ785 በ3.4 እጥፍ ገደማ ያንሳል። በዛ ላይ 785 ላይ የሚሠራው የሲሊከን ሲሲዲ ዲቴክተር 1064 ላይ አያይም፣ ኢንጋስ የሚባል ሌላ ዲቴክተር ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ኖይዙ ከፍ ይላል ዋጋውም ይጨምራል። ውጤቱ፣ 785 በጥቂት ሰከንድ የሚጨርሰውን 1064 ረዘም አድርጎ ሊይዘው ይችላል፣ ሌዘሩም ጠንከር ስለሚል ጠቆር ያለ ዱቄት ላይ ሙቀት ያመጣል፣ ሊያቃጥለውም ይችላል።

የኔ አስተያየት እንዲህ ነው። ዝርዝራችሁ በአብዛኛው ነጭ የሆኑ ዋና መድኃኒቶች (ኤፒአይ)፣ ሶልቨንቶችና ስኳሮች ከሆነ 785 ይበቃል፣ እንደ ትሩስካን አርኤም፣ ሚራ ፒ፣ ናኖራም ያሉት እዚህ ይመደባሉ። ኤክሲፒየንቱ (ከዋናው መድኃኒት ጋር የሚደባለቀው ረዳት ዕቃ) ከበዛ፣ በተለይ የሴሉሎስ ቤተሰብና ካፕሱል ሼል፣ 1064 ተመልከቱ፣ ሪጋኩ ፕሮጀኒና የናኖራም 1064 ሞዴል አሉ። ብሩከር ብራቮ ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የመጣው፣ ሁለት ሌዘር ይዞ ዌቭሌንግዙን በትንሽ በትንሹ እያንሸራተተ ፍሎረሰንሱን ለይቶ ያወጣዋል። እነዚህን ስሞች የጠቀስኩት ገበያውን እንድታውቁት ነው፣ የትኛው እንደሚሻላችሁ ዝርዝራችሁ ነው የሚናገረው።

ደረጃ 3፦ ማሸጊያው

ንጹህ ፕላስቲክ ላይነር (የውስጥ ከረጢት)፣ ግልጽ ብርጭቆ፣ ችግር የለም፣ ሳይከፈት በላዩ ላይ አስጠግታችሁ ማንበብ ትችላላችሁ፣ የራማን ትልቁ ጸጋ ይሄ ነው። ፖሊኤቲሊን የራሱ ፒኮች እንዳሉት ግን አትርሱ፣ ከረጢቱ ድርብ ከሆነ ወይም ወፍራም ከሆነ የከረጢቱ ፒክ ይገባባችኋል፣ ስለዚህ ሜተዱ (ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚዘጋጀው ማነጻጸሪያ) ሲሠራ በዛው ከረጢት በኩል መሠራት አለበት። ቡናማ ጠርሙስ ራሱ ያስቸግራል። አሉሚኒየም ፎይል በፍጹም አያሳልፍም፣ የትኛውም ማሽን።

የወረቀት ከረጢት፣ ነጭ ጀሪካን፣ ፋይበር ድራም ሲሆን ተራው ራማን የሚያነበው ማሸጊያውን ነው። ለዚህ ሶርስ የሚባል ዘዴ አለ፣ እንግሊዝ አገር ራዘርፎርድ አፕልተን ላብራቶሪ ነው የተወለደው፣ ሌዘሩ አንድ ነጥብ ላይ ይመታል ንባቡ ግን ጥቂት ሚሊሜትር ራቅ ካለ ነጥብ ይወሰዳል፣ ከዛ የማሸጊያው ተቀንሶ የውስጡ ይቀራል። አጂለንት ቫያ የሚባለው በዚህ ነው የሚሠራው። ሳትከፍቱ፣ ሳምፕሊንግ ቡዝ ሳትገቡ ትጨርሳላችሁ። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው።

ያዋጣል ወይ? በዓመት የሚገባውን የኮንቴነር (የበርሜልና የከረጢት) ቁጥር እዩ። የፒክስም (የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ኅብረት) የአውሮፓም ጂኤምፒ (የመልካም አመራረት መመሪያ) አኔክስ 8 የጥሬ ዕቃን ማንነት ለማረጋገጥ በመርህ ደረጃ ከእያንዳንዱ ኮንቴነር ሳምፕል ይወሰድ ነው የሚለው፣ አንድ ጭነት 200 ከረጢት ሆኖ ሲመጣ ሁሉንም ከፍቶ ላብ ድረስ መውሰድ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እንደዛ ከሆነ ሶርስ ራሱን ይከፍላል። ድራማችሁ ውስጥ ግን ግልጽ ላይነር ካለ ክዳኑን ከፍታችሁ በላይነሩ ታነባላችሁ፣ ለምን ብር ታባክናላችሁ።

ደረጃ 4፦ "አልፏል" የሚለው በምን ሒሳብ እንደሆነ ጠይቁ

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ያልፋል፣ አትለፉት። ማሽኖቹ የሚወስኑት በሁለት ዓይነት መንገድ ነው። አንደኛው የመመሳሰል ቁጥር ነው፣ ኤችኪውአይ ይሉታል፣ 0.95 ምናምን ካለፈ ያሳልፋል። ችግሩ ሁለት በጣም የሚመሳሰሉ ነገሮች ከ0.95 በላይ ሊያገኙ ይችላሉ፣ ትንሽ የተበረዘ ዕቃም እንደዛው። ሁለተኛው በፕሮባቢሊቲ ነው፣ ለምሳሌ ትሩስካን "ይሄ ልዩነት ከመለኪያው ስህተት የመጣ ሊሆን ይችላል ወይ" ብሎ ያሰላና ፒ ቫልዩው 0.05 ወይም ከዛ በላይ ከሆነ ያሳልፋል። ይሄኛው ለሌብል ማረጋገጫ ይሻላል። የመጀመሪያው ያልታወቀ ነገር ለመፈለግ ይመቻል፣ ላይ ስለ ጉምሩክ ያልኩት ለዚህ ነው።

ከማሽኑ ጋር የሚመጣው "ከ10 ሺህ በላይ ስፔክትረም" የሚል ላይብረሪ አያጓጓችሁ። ለሪሊዝ (ዕቃውን አጽድቆ ለማሳለፍ) የምትጠቀሙት ራሳችሁ የምትሠሩትን ነው፣ ላብ ውስጥ ተፈትኖ ያለፈ ዕቃ፣ ከአንድ በላይ ሎት፣ ከአንድ በላይ አቅራቢ ካላችሁ ከሁሉም፣ በራሳችሁ ማሸጊያ በኩል። ስለዚህ ሻጩን የምትጠይቁት "ስንት ስፔክትረም አለው" ሳይሆን "እኔ አዲስ ሜተድ ለመጨመር ስንት ስቴፕ ነው፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ይከፈላል ወይ" ነው።

አሁን ወደ ግሊሰሪን ልምጣ፣ ሽሮፕ የምታመርቱ በደንብ አንብቡት። በ2022 እ.ኤ.አ. ጋምቢያ፣ ኢንዶኔዥያና ኡዝቤኪስታን ውስጥ ከግሊሰሪንና ከመሰል ፈሳሾች ጋር የሚምታቱት መርዞች፣ ዳይኤቲሊን ግላይኮልና ኤቲሊን ግላይኮል፣ የገቡበት ሽሮፕ ብዙ ሕፃናትን ገደለ፣ ከዛ በፊትም ሄይቲ በ1990ዎቹ፣ ፓናማ በ2006 ተመሳሳይ ነገር አይተዋል። ራማን ግሊሰሪን ተብሎ የመጣ በርሜል ሙሉ በሙሉ ሌላ ነገር ከሆነ፣ ወይም በብዛት ከተበረዘ ይይዘዋል፣ በርሜል በበርሜል በደቂቃ ማየት መቻሉ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የነዚህ መርዞች የተፈቀደው ጣሪያ ግን 0.10 ፐርሰንት ነው፣ እዛ ድረስ በእጅ የሚያዝ ራማን አይወርድም፣ የሚደርሰው የላብ ማሽኑ ጋዝ ክሮማቶግራፊ (ጂሲ) ነው። ስለዚህ "ራማን ገዝተናል ጂሲው ይቅር" የሚል ማኔጀር ካለ አስቁሙት። ለፕሮፒሊን ግላይኮልና ለሶርቢቶል ሶሉሽንም ያው ነው።

ደረጃ 5፦ ዴሞውን እናንተ ምሩት

ሻጩ ሳምፕል እንዳያመጣ ንገሩት። ከዝርዝራችሁ ውስጥ አስቸጋሪ የምትሏቸውን 15 ወይም 20 ምረጡ፣ ግልጽ ቫያል ውስጥ አድርጉና ኮድ ብቻ ጻፉባቸው፣ ማን ምን እንደሆነ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ውስጡ ሆን ብላችሁ የተቀያየሩ ጨምሩ፣ ለምሳሌ ሞኖሃይድሬት ነው ተብሎ አንሃይድረስ፣ ግሊሰሪን ነው ተብሎ ፕሮፒሊን ግላይኮል። አንድ ሁለት ደግሞ 10 እና 20 ፐርሰንት ስታርች የተቀላቀለባቸው አድርጉ። ማሽኑ ትክክለኛውን ማሳለፉ ብዙም አይደንቅም፣ የሚፈለገው ሐሰተኛውን መጣሉ ነው።

ዴሞው ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ አይሁን፣ ስቶር ውስጥ ይሁን፣ በሩ ተከፍቶ ፀሐይ በሚገባበት ሰዓት፣ ምክንያቱም የውጭ ብርሃን ንባቡን ይረብሻል፣ አፍንጫው ላይ የሚገጠመው ኮን በደንብ ይሸፍናል ወይ የሚለው የሚታየው ያኔ ነው። ማሽኑን የሚይዘው ደግሞ የሻጩ ኢንጂነር አይደለም፣ ነገ የሚሠራበት የስቶር ልጅ ነው፣ ጓንት አድርጎ። ስክሪኑ በጓንት ይሠራል? ባርኮድ ያነባል? ተከታታይ 30 ከረጢት ሲያነብ እጁ ይዝላል? ክብደቱ ወረቀት ላይ ትንሽ ነው የሚመስለው፣ እስቲ በእጃችሁ ይዛችሁ ለአንድ ሰዓት ያህል ሞክሩት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የሌዘሩ ነጥብ በጣም ጠባብ ነው፣ የተደባለቀ ዱቄት ላይ አንዱ ንባብ ከሌላው ሊለይ ይችላል። ሚራ ሌዘሩን እያዞረ ሰፋ ያለ ቦታ የሚያነብበት ዘዴ አለው፣ ሌሎቹ ላይ ቦታ እየቀየራችሁ ደጋግማችሁ ማንበብ አለባችሁ። የአንድ ንባብ ውጤት ብቻ አይታችሁ እንዳትፈርሙ።

ደረጃ 6፦ ዳታና ወረቀት

አሰልቺ ነው ግን ኢንስፔክሽን ሲመጣ የሚያድነው እሱ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ዩዘር፣ ማን ምን ሰዓት ምን እንደለካ የማይሰረዝ ኦዲት ትሬል፣ ሜተድ መቀየር የሚችለው አድሚን ብቻ። አሜሪካኖቹ 21 ሲኤፍአር ፓርት 11 የሚሉት ይሄን ነው፣ ዕቃው የሚሸጠው እዚሁ ቢሆንም ያን የሚያሟላ ሶፍትዌር ግዙ። ጥሬ ስፔክትረሙን በተለመደ ፎርማት ማውጣት ይቻላል ወይ፣ ኢንተርኔት ሳይኖር ይሠራል ወይ፣ የፋብሪካው አይቲ ዩኤስቢ ከዘጋ ዳታው በምን ይወጣል፣ እነዚህን በጽሑፍ አስመልሱ። የአይኪውና የኦኪው ሰነድ (ማሽኑ በትክክል መተከሉንና መሥራቱን የሚያረጋግጠው) ተካቷል ወይስ ለብቻው ይሸጣል? ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው።

በየቀኑ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት በፖሊስታይሪን ስታንዳርድ ታረጋግጣላችሁ፣ ዋናው ፒኩ 1001.4 ዌቭናምበር (የስፔክትረሙ አግድም መለኪያ) ላይ መቀመጥ አለበት (ኤኤስቲኤም ኢ1840 በሚባለው የመለኪያ መመሪያ ላይ ያለው ቁጥር ነው)። ስታንዳርዱ ከማሽኑ ጋር መምጣቱን እዩ። በጠዋት አንድ ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው፣ ሎግ ቡክ ላይ ግን መጻፍ አለበት።

ደረጃ 7፦ ዋጋና ሰርቪስ

እነዚህ ማሽኖች በአስር ሺዎች ዶላር ነው የሚቆጠሩት፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብሩ በገበያ ዋጋ ስለሚወሰን ደግሞ በፕሮፎርማው ቀንና ኤልሲ (የባንክ ሌተር ኦፍ ክሬዲት) በሚከፈትበት ቀን መሀል ያለው ልዩነት በጀታችሁን ሊያፈርሰው ይችላል። ፕሮፎርማው ተበታትኖ ይምጣ፦ ማሽኑ፣ የቫያል መያዣው፣ የሶፍትዌር ላይሰንስ (የአንድ ጊዜ ነው የየዓመቱ?)፣ ቫሊዴሽን፣ ሥልጠና፣ ተጨማሪ ባትሪ፣ የየዓመቱ ካሊብሬሽን። ባትሪ ሁለት ያስፈልጋችኋል፣ መብራት ሲጠፋም ጭነት ይመጣል።

ከሁሉ የሚያመው ሰርቪስ ነው። ሌዘሩ ሲደክም ወይም አላይመንቱ ሲሄድ አብዛኞቹ ወደ ፋብሪካቸው ይላክ ነው የሚሉት፣ ማሽኑ ደግሞ ሊቲየም ባትሪ አለው ስለዚህ በአየር ሲላክ የአደገኛ ዕቃ ሕግ ይመለከተዋል፣ ከአገር ወጥቶ ተመልሶ ሲገባ የጉምሩክ ወረቀት አለ፣ ሲደመር ወራት ሊወስድ ይችላል። ኤጀንቱን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ እዚህ ምን ምን መጠገን ትችላለህ፣ እስኪመለስ ምትክ ማሽን ትሰጣለህ፣ የመውጫና የመመለሻ ወረቀቱን ማን ነው የሚጨርሰው። መልሱን ውሉ ላይ ጻፉት። ርካሹ ማሽን እዚህ ጋ ነው ውድ የሚሆነው።

ደረጃ 8፦ ዓይናችሁ

አብዛኞቹ በእጅ የሚያዙት ራማኖች ክላስ 3ቢ ሌዘር ናቸው፣ ይሄ ምድብ እስከ 500 ሚሊዋት ይሄዳል፣ በቀጥታ ዓይን ውስጥ ከገባ ሬቲና ያበላሻል። 785 ለዓይን ደብዛዛ ቀይ ቢመስልም እውነተኛ ጉልበቱ አይታይም፣ 1064 ጭራሽ አይታይም፣ ስለዚህ ዓይን ሳይጨፍን ነው የሚጎዳው። የሌዘር መከላከያ መነጽር ስትገዙ የራሳችሁን ሌዘር ዌቭሌንግዝ የሚከለክል መሆኑን መስታወቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ የ785ቱ መነጽር ለ1064 ላይሆን ይችላል። የሚያብረቀርቅ ፎይል ላይ አትተኩሱ። ስቶር ውስጥ የሚለካበት አንድ ቦታ ወስኑና ምልክት ለጥፉ። ጉምሩክ ወይም ፖሊስ ጋ የምትሠሩ ደግሞ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ያልታወቀ ዱቄት ላይ በእጃችሁ ይዛችሁ እንዳትተኩሱ፣ ሊቀጣጠል ይችላል፣ ትንሽ ቆንጥሮ ለይቶ፣ ዲሌይ አድርጎ (ማሽኑ ቆይቶ እንዲተኩስ)፣ ራቅ ብሎ ነው።

ጨረታ የምታወጡ ከሆነ ደግሞ ደረጃ 5 ላይ ያለውን የኮድ ፈተና ቴክኒካል ግምገማው ውስጥ በነጥብ አስገቡት፣ ከፋይናንሻሉ ኤንቨሎፕ በፊት፣ ስንት ሐሰተኛ ሳምፕል ካሳለፈ ከውድድር እንደሚወጣም አብራችሁ ጻፉ። ያ ካልተጻፈ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል፣ ሴሉሎሳችሁን ማንበብ ቢችልም ባይችልም።